ጅቡ ማን ነው?



ሰሞኑን ከመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ጋር ሆነን አንድ የቆየ የአሜሪካ ፊልም በስልክ አየን። ስሙ «ትሪሎጂ ኦፍ ቴረር» ይባላል፤ ሦስት አስፈሪ ታሪኮች በአንድ ላይ ማለት ነው። ዳን ከርቲስ ያዘጋጀው ሲሆን በቴሌቪዥን የታየው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ካረን ብላክ የተባለችው ተዋናይት ብቻዋን አራት ሰው ሆና ትሠራለች። ጓደኞቼ ችሎታዋን አደነቁ፤ እኔም አደንቃለሁ። የከነከነኝ ግን ሌላ ነው።

በሁለተኛው ታሪክ ሚሊሰንት የምትባል ጭምት ሴት እህቷን ቴሬዝን «ክፉ ናት» እያለች ትከሳለች። በኋላ ነገሩ ሲጣራ ሁለቱ አንድ ሰው ሆነው ይገኛሉ። በሦስተኛው ደግሞ አሜሊያ የዙኒ ሕዝብ ሥራ ነው የተባለ ትንሽ የአዳኝ ምስል ገዝታ ቤቷ ታስገባለች። የታሰረበት የወርቅ ሰንሰለት ሲወልቅ ምስሉ ነፍስ ዘርቶ ያሳድዳታል። በመጨረሻም መንፈሱ በእሷው ላይ ሰፍሮ፣ ጥርሷን አግጥጣ፣ ቢላ ይዛ እናቷን ትጠብቃለች።

ለመሆኑ ዙኒዎች እነማን ናቸው? በኒው ሜክሲኮ የሚኖሩ፣ በሸክላ፣ በጌጣጌጥና ከድንጋይ በሚቀርጹት የእንስሳት ምስል የታወቁ ባለ እጆች ናቸው። ፊልሙ ግን ስማቸውን ማስፈራሪያ አደረገው።

እኛስ? በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ምን እያልን አደግን? ቀን በማረሻው እናርሳለን፣ በምጣዷ እንጋግራለን፤ ማታ «ጅብ ይሆናሉ» እንላለን። ልጅ ሲታመምም «ቡዳ በላው» ነው።

የሚገርመው ያ ፊልም በታየበት ዕለት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በአገራችን የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ጾታ ሳይለይ መሬት እንዲያገኝ ተደነገገ። ሕጉ ባለ እጁን «ሰው» አለው። የእኛ አፍ ግን እስካሁን «ጅብ» ይለዋል።

አንደኛ ደረጃ ስማር ከሸክላ ሠሪዋ ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጥ አልነበረም። አንድ ቀን አንዱን ተማሪ ሆዱን ሲቆርጠው ክፍሉ በሙሉ ወደዚያ ልጅ ዞረ። መምህራችን አይተው ዝም አሉ። እኔም ከዞሩት አንዱ ነበርሁ። ልጁ በማግስቱ ቀረ፤ ተመልሶም አልመጣ።

«የቆየ እምነት ነው፣ ወላጆችን አታስቀይሙ» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የወላጅን እምነት በአንድ ቀን ንግግር አንሽርም። የክፍሉን አቀማመጥ የምንደለድለው ግን እኛ ነን። ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ማን ሰሌዳ እንደሚያጠፋ የሚወስነው መምህር ነው። ስለ አፈርና ስለ ብረት ስናስተምር የዚያን ልጅ እናትና አባት ሙያ በክብር መጥቀስስ ምን ይከብደናል?

እጩ መምህራን ሆይ፤ አንዲት ተዋናይት አራት ሰው ልትሆን ትችላለች። ጅብ የሚሆን ሰው ግን የለም። ያንን ልጅ ከትምህርት ቤት ያባረረ ጅብ ከነበረ፣ እኛው ነበርን።