ኢንሱሊን ሲያንኳኳ ማን ይሰማል?

አንዲት እናት ከኩፓት ሆሊም ሲመለሱ፣ «በደምሽ ኢንሱሊን አለ፣ ስኳርሽ ግን ከፍ ብሏል ተባልኩ። ካለ ታዲያ ለምን አይሠራም?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው የብዙዎቻችን ነው።

የሰውነታችን ሴሎች አፍ የላቸውም፤ የሚነጋገሩት በመልእክተኛ ነው። እንጀራ በልተን ስኳሩ ወደ ደም ሲገባ፣ ቆሽት ኢንሱሊንን ይልካል። ኢንሱሊን በደም ተጉዞ ከጡንቻ ወይም ከስብ ሴል ደጃፍ ሲደርስ፣ እዚያ ካለው «ተቀባይ» ጋር ልክ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ይገጥማል። ራሱ ወደ ውስጥ ገብቶ አይከፍትም፤ ተቀባዩ መልእክቱን ለውስጠኞቹ ያቀብላል፣ የስኳሩን በር የሚከፍቱት እነሱ ናቸው።

በዓይነት 2 የስኳር በሽታ፣ በሱኬሬት፣ መልእክተኛው ያንኳኳል፤ ሴሉ ግን በደንብ አይሰማም። ቆሽት ደጋግሞ እንደሚጣራ ሰው ኢንሱሊን ይጨምራል፣ ከጊዜ በኋላም ይደክማል። ደም ውስጥ የቀረው ስኳር ቀስ እያለ ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ይጎዳል። ሕመም ስለሌለው ብዙዎች ችላ ይሉታል።

ደስ የሚለው፣ የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊንም ስኳር ያስገባል፤ መስማቱንም ያሻሽላል። አገር ቤት ገበያው፣ ውሃው፣ ለቅሶው ሁሉ በእግር ነበር፤ እዚህ አውቶቡስና ሊፍት ለመደብን። ስለዚህ እናታችን፣ ኢንሱሊንዎ አልሰነፈም፤ ሰሚ አጣ እንጂ። ከምሳ በኋላ ከጎረቤትዎ ጋር ትንሽ ይራመዱ። መድኃኒትዎን ግን ሐኪም ሳያማክሩ አያቁሙ።