ወረቀት ያነበበችው እናት

ዓሣ ነባሪ ሲነሳ አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ነቢዩ ዮናስ ነው። እኔ ግን ሰሞኑን ትዝ የሚሉኝ የውል ወረቀት፣ የኢንሹራንስ ፖሊሲና አንዲት የአራት ልጆች እናት ሆነዋል። ማርኬቲንግ ስለምትሠሪ ነው አትበሉኝ፤ ታሪኩ ራሱ ወደዚያ ይወስዳል።

እናትየዋ ሰልማ ባርካም ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1964 ባለቤቷ ሲሞት ካናዳ ውስጥ አራት ልጆች ይዛ ቀረች። በ1972 ሰሜን ስፔን ወደሚገኘው የባስክ አገር ተጓዘችና ከአንዱ መዝገብ ቤት ወደ ሌላው መዞር ጀመረች። የምትፈልገው ከ400 ዓመት በፊት አትላንቲክን አቋርጠው ካናዳ ይደርሱ የነበሩ የባስክ ዓሣ ነባሪ አዳኞችን ዱካ ነበር። ያገኘችው የጀብዱ ትረካ አይደለም። የመርከብ ውል፣ ኢንሹራንስ፣ የፍርድ ቤት ክርክር፣ ኑዛዜ፤ ባጭሩ የዚያን ዘመን ውልና ማስረጃ። ያውም ዓይን በሚያደክም የድሮ የእጅ ጽሑፍ።

እስቲ ገበያውን እንየው። ኤሌክትሪክ ባልነበረበት አውሮፓ መብራት የሚነድደው በዘይት ነው፤ ሳሙና ሠሪውም ጨርቅ ሠሪውም ዘይት ይፈልጋል። የዓሣ ነባሪ ጮማ ሲቀልጥ ዘይት ይሆናል። አዳኞቹ በትንንሽ ጀልባ ስድስት ሰባት ሆነው እየቀዘፉ ያንን ግዙፍ ፍጥረት ተጠግተው ይወጉታል። (እኔ ሐይቅ ላይ እንኳ ጀልባ ስወጣ የሰው እጅ እይዛለሁ።) ጮማው ተቆራርጦ ዳርቻው ላይ በተሠሩ ምድጃዎች፣ በትልልቅ የመዳብ ጋኖች ይቀልጣል። በርሜሎቹ በጣውላ መልክ ተጭነው ሄደው እዚያው ይገጣጠማሉ። አንዱ 200 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ትልቅ መርከብ ከ1,000 በላይ ይጭናል። መርከበኛው የወር ደመወዝ የለውም። ከተገኘው ዘይት አንድ ሦስተኛው ለመርከበኞቹ ነው፤ እኛ ኮሚሽን የምንለው ዓይነት። ልዩነቱ፣ እዚህ ሥራ ላይ ጨርሶ አለመመለስም አለ።

ሰነዶቹ “ቡቱስ” የሚባል ወደብ ደጋግመው ይጠቅሳሉ። ሰልማ የድሮ ስሞችን ከዛሬ ካርታ ጋር እያመሳከረች ቡቱስ በካናዳ ላብራዶር ዳርቻ የምትገኘው ሬድ ቤይ የተባለች ትንሽ መንደር መሆኗን ደረሰችበት። በ1977 ከባለሙያዎች ጋር ወደ ላብራዶር ስትሄድ ቀይ የጣሪያ ሸክላ ስብርባሪ ዳርቻው ላይ ተገኘ። ባስኮቹ ለምድጃዎቻቸው መጠለያ ከአገራቸው ጭነው ያመጡት ነበር።

በዓመቱ የካናዳ ጠላቂዎች 10 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ የመርከብ ስብርባሪ አገኙ። ሳን ሁዋን እንደሆነች ይታመናል። ሰነዶቹ እንደሚሉት ሳን ሁዋን በ1565 ዘይቷን ጭና ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል ማዕበል ከቆመችበት ነጥቆ ሰበራት። ከሥሯም ስትሰምጥ የተጨፈለቀች የማደኛ ጀልባ ወጣች፤ ስምንት ሜትር ትረዝማለች፤ ተጠግና ዛሬ ሬድ ቤይ ውስጥ ትታያለች።

ወረቀት ደግሞ ሁሉን አይናገርም። የታደኑት የየትኛው ዝርያ እንደሆኑ የታወቀው በአጥንቶቹ የዲኤንኤ ምርመራ ነው፤ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ቦውሄድ የተባለው የቀዝቃዛው ባሕር ዝርያ ሆነው ተገኙ። ቀድሞ ሌላ ዝርያም በብዛት እንደተገደለ ይገመት ነበር።

እኔን የያዘኝ ግን ወደቡ አፍ ላይ ያለችው ደሴት ነች። አርኪዮሎጂስቶች እዚያ ከ140 የሚበልጡ ሰዎች የተቀበሩበት መቃብር ቆፍረዋል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጎልማሳና ወጣት ወንዶች። ለዘይት ድርሻቸው የሄዱ አባቶች፣ ባሎች፣ ልጆች ናቸው። ሚስቶቻቸው ምን እንደተሰማቸው የውል ወረቀት አይጽፍም። ባሏን ቀብራ አራት ልጆች ያሳደገች ሴት ግን ኑዛዜ ስታነብ ከሌላው ሰው የበለጠ ሳይታያት አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

ከኑዛዜዎቹ አንዱ የጆአኔስ ደ ኤቻኒስ ነው። በ1584 የገና ዋዜማ፣ እዚያው ላብራዶር ዳርቻ ላይ በጠና ታሞ፣ አጠገቡ ላሉት እየተናገረ አስጻፈ። ወረቀቱ ባሕር ተሻግሮ አገሩ ደረሰ፤ ሰልማም ባስክ አገር፣ መዝገብ ቤት ውስጥ አገኘችው።