«አሮጌ ሞተር ማልቀሱ አይቀርም» ላሉኝ ሁሉ

ወላይታ ሶዶ ውስጥ አሮጌ አይሱዙ ያለው ሰው ጋራዥ ገብቶ «ዘይት እያንጠባጠበ ነው» ቢል ከሦስት መልሶች አንዱን ይሰማል። «አሮጌ ሞተር ነው፣ ማልቀሱ አይቀርም።» «ሲሊኮን ቀባ እናደርገዋለን።» ወይም ደግሞ «የኋላው ጎማ ሄዷል፣ ካምቢዮ ይውረድ።» እኔ ሦስቱንም ሰምቻለሁ፤ ለሁለቱ ከፍያለሁ። ሦስቱን የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር መልሱን የሰጠው ሰው ሞተሩን በቅጡ አለማየቱ ነው።

መኪናው ከአባቴ የተረፈኝ ኤንፒአር ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ሹፌር ቀጥሬ አሠራዋለሁ። ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭኖ በሶዶ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል፤ ሲመለስ ሲሚንቶም ሆነ ቆርቆሮ ያገኘውን ይጭናል። በየምልልሱ ሁለት ሊትር ዘይት መጨመር ከጀመርን ቆይተን ነበር። መጀመሪያ ግድ አልሰጠኝም። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወስኖ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ሽቅብ ሲወጣ ግን፣ ያ ሁለት ሊትር የልጆቼ ደብተርና ዩኒፎርም ሆኖ ይታየኝ ጀመር።

ጋራዥ ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም፤ ችግሩ የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩም። መካኒኩ ከስር ገብቶ ሞተርና ካምቢዮ ከሚገናኙበት ቦታ ዘይት ሲንጠባጠብ አየና ፈረደ። በእርግጥ እዚያ፣ ክራንክ ሻፍቱ ከሞተሩ በሚወጣበት ጫፍ፣ ዘይት የሚይዝ ጎማ አለ። ሲያረጅ ይደርቃል፣ ያፈሳል። ጎማው ራሱ ርካሽ ነው። እሱ ጋ ለመድረስ ግን ካምቢዮ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮን ይፈታል፣ ሁለት ቀን ይሄዳል፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ካምቢዮው ሲወርድ ቆሜ አይቻለሁ። የፍሪሲዮኑ ሸራ ደረቅ ነበር። ደረቅ! ያ ጎማ ቢያፈስ ዘይቱ መጀመሪያ የሚያርሰው የፍሪሲዮኑን ቤት ውስጡን ነው፤ ሸራውን ከነካው ደግሞ ፍሪሲዮኑ ዳገት ላይ ይንሸራተታል። የእኛ መኪና ከአባያ ዳር እስከ ሶዶ ያለውን ዳገት ሙዝ ሞልቶ አንድ ቀን ሳይንሸራተት ወጥቷል። ማስረጃው ዓይናችን ስር ተቀምጦ ነበር፤ እኛ ግን «አንዴ ከወረደ አይቀር» ብለን ጎማውን ቀየርን። ከአንድ ወር በኋላ ዘይቱ ተመለሰ። «ጎማው ኦሪጅናል አልነበረም ቲቸር» ተባልኩ። ካምቢዮው ሁለተኛ ወረደ። እኔም ሁለተኛ ከፈልኩ፤ ሞኝነቴን አልደብቅም።

እስቲ ነገሩን እናስበው። ዘይት ከፈሰሰ በኋላ ባለበት አይቆምም። በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርዳል፤ ሞተሩ ሲሠራና መኪናው ሲሮጥ ደግሞ የቬንትሌተሩ ንፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከላይና ከፊት የፈሰሰው ከታችና ከኋላ ይንጠባጠባል ማለት ነው። ስለዚህ የሚንጠባጠብበትን ቦታ አይቶ መፍረድ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ወለሉን እንደ መጠገን ነው። የሚፈለገው እርጥብ ከሆነው ቦታ ሁሉ ከፍ ያለውና ወደ ፊት የቀረበው ነው። ይህ ምስጢር አይደለም፤ የትኛውም መካኒክ ብትጠይቁት ያውቀዋል። አውቆ ነው የሚያልፈው።

ሌላም አለ። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ በጥቀርሻና በጭቃ ከተደፈነ ውስጥ ያለው ግፊት መውጫ ያጣና ዘይቱን በየጓርኒሲዮኑና በየጎማው ጠርዝ ይገፋዋል። ያን ጊዜ አዲስ ጎማ ብትከቱም ያው ነው። መተንፈሻውን ነቅሎ ማጽዳት ካምቢዮ ከማውረድ ጋር አይወዳደርም፤ ግን የእኔን መኪና ከነኩት ውስጥ ቀድሞ እሱን የነቀለ አልነበረም። ሲሊኮንማ አይነሳ! ዘይት በነካው ብረት ላይ አይዝም። በብዛት የተቀባው ተቆርሶ ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የዘይት ፓምፑን ማጣሪያ ይደፍናል። ልቅሶ ለማስቆም ብለን ሞተሩን ልናንቀው ነው እንግዲህ።

አሁን ለመጻፍ ወደሚከብደኝ ልምጣ። ሁለተኛው ጎማ ከተቀየረ በኋላ ዘይቱ መጉደሉን ሲቀጥል፣ ረዳቱን ጠረጠርኩ። ልጁ ከቦዲቲ ወገን ነው፣ ከእኛ ጋር ሁለት ዓመት ሠርቷል። «ጋሼ፣ ከላይ ነው የሚመጣው፣ በዲናሞው በኩል» ብሎኝ ነበር፣ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ። ሞተሩን በየቀኑ በጨርቅ የሚጠርገው እሱ ነዋ! እኔ ግን ጋራዡን ያህል ዕቃ የሌለው ልጅ ምን ያውቃል አልኩ። ዘይቱን በጄሪካን እየቀዳ ይሸጣል የሚል ወሬ ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ ራሴ ፈጠርኩ። ጊፋታ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አሰናበትኩት።

ዘይቱ መጉደሉን አላቆመም።

በመጨረሻ አንድ ጡረታ የወጡ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መካኒክ፣ የአባቴ ወዳጅ፣ እሁድ ቀን ግቢያችን መጡልኝ። ቁልፍ እንኳ አልያዙም ነበር። ካቢኑን ገልብጠን ሞተሩን በናፍጣ፣ ከዚያ በሳሙናና በውሃ አጠብነው፤ ደረቀ። የሕፃን ፓውደር አስገዝተው በነሰነሱበት ጊዜ ባለቤቴ ሳቀች። ሌላ አገር ዘይቱ ውስጥ ልዩ ቀለም ጨምረው፣ ሱቆቻችን ሐሰተኛ ብር በሚለዩበት ዓይነት መብራት ያዩታል፤ ለእኛ ፓውደሩ በቃን። ሞተሩ ተነሳ፣ ሻይ ጠጣን። ሻዩ ሳያልቅ ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ወጣ። ከዲናሞው ጀርባ።

በእነዚህ አሮጌ አይሱዙዎች ዲናሞው ጀርባ ላይ አንድ ትንሽ ፓምፕ ተለጥፏል። ለፍሬኑ አጋዥ የሚሆነውን ቫኪዩም የሚሠራው እሱ ነው። ከሞተሩ ዘይት ይቀበልና በጎማ ቱቦ ወደ ሞተሩ ይመልሳል። ያ የመመለሻ ቱቦ ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር። ርዝመቱ ከክንድ ያንሳል። ጉዳዩ የዘይት ዋጋ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ቱቦው ሲሚንቶ ጭነን ወደ ሁምቦ ስንወርድ ጨርሶ ቢወልቅ፣ ሞተሩ ዘይቱን መንገድ ላይ ደፍቶ ይጨርሳል፤ ዘይት ያጣው ፓምፕ ቫኪዩሙን ይተዋል፤ ፍሬኑም እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ከታች ደግሞ የገበያ ቀን ሊሆን ይችላል። «ማልቀሱ አይቀርም» የሚለውን ቃል ያልተቀበልኩት ለዚህ ነው።

ቱቦውን ይዤ ጋራዡ ሄድኩ። ገንዘብ አልመለሱልኝም፤ ዋናው መካኒክ ግን አንድ እውነት ተናገረ። «ቲቸር፣ ግማሽ ቀን አጥቤ ፈልጌ ቱቦ ነው ብልህ ስንት ትከፍለኝ ነበር? ለቱቦው ዋጋ ብቻ አይደል?» አልዋሸም። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ቺንጋ እያልን የጣልያኑን የዕቃ ስም ሁሉ ወርሰናል፤ ለተፈታ ዕቃ ሁሉም ዋጋ አለው። ለፍለጋ ግን ዋጋ የቆረጠ ጋራዥ አላጋጠመኝም፣ የጠየቀ ባለመኪናም እንዲሁ። ለመዶሻ ሳንከራከር እንከፍላለን፤ ለዓይን ሲሆን «ምን ሠራህና?» እንላለን። ታዲያ ሰውየው ለምን ካምቢዮ አያወርድ?

ባለመኪኖች ሆይ፣ ለመካኒኩ ለፍለጋው ብቻ የግማሽ ቀን ዋጋ ቁረጡለት፤ ምንም ሳይፈታ ቢያገኘውም ክፈሉት። መካኒኮችም፣ አንድ ቡሎን ከመፍታታችሁ በፊት የታጠበውን ሞተርና እርጥቡን ቦታ አሳዩን። ማሳየት ካልቻላችሁ አትፍቱ።

ለልጁ ደወልኩለት። አሁን አርባ ምንጭ መስመር ሚኒባስ ላይ ነው። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ዝም አለ። ከዚያ «ቱቦው ተቀየረ ጋሼ?» አለኝ።

«ተቀየረ» አልኩት።

«ማሰሪያውስ?»

ማሰሪያው የድሮው ነበር።