ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ስለ መለሰን

በዚህ ወር የምጽፍላችሁ ነገር ከደጋን የመጣ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወርደው መንገድ ያለፈ ሰው ደጋንን ያውቃታል፤ የደሴ ብርድና ጉም ወደ ኋላ ቀርቶ ጋቢ ከትከሻ የሚወርድባት፥ የቆላው ሙቀት የሚሰማባት ከተማ ናት። አክስቴ በዚያ ከሟች ባለቤታቸው የወረሱት ቤት አላቸው። የፊቱ ሁለት ክፍል በእንጨትና በጭቃ የቆመ ሲሆን፥ የኋላው አንድ ክፍል በኋላ ዘመን በብሎኬት የተጨመረ ነው። ግድግዳው በየጊዜው ሲቀባ ኖሯል፤ በመጀመሪያ ኖራ፥ ቀጥሎ ሰማያዊ የውኃ ቀለም፥ በመጨረሻም እጅና ጭስ እንዳያቆሽሸው ተብሎ አረንጓዴ የዘይት ቀለም።

አምና የማርያም ማኅበር ተራ በኅዳር ወር ስለ ደረሰባቸው፥ ቤቱ ለእንግዳ የሚያሳፍር ሆኖ ታያቸውና አንዲት ጊደር ሸጠው፥ ከልጆቻቸውም ጥቂት ተጨምሮላቸው፥ ከሌላ ከተማ የመጣ ለሳኝ አሠሩ። ሰውየው ቀለሙን ሳይነካ በላዩ ላይ ሲሚንቶውን ለስኖ፥ በነጭ ቀለም አስውቦ፥ ዋጋውን ተቀብሎ ሄደ። ሥራው ለዐይን ያማረ ነበር። እኔም በማኅበሩ ዕለት ተገኝቼ እጁን አመስግኛለሁ፤ የማላውቀውን ሙያ ማመስገኔ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በታኅሣሥ አንድ ሌሊት፥ ከፊተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ የበር ሳንቃ የሚያህል ልስን ተገምሶ የልጅ ልጃቸው በሚተኛበት አልጋ ላይ ወደቀ። ልጁ በዚያች ሌሊት ሳል ይዞት ከአያቱ ጋር ተኝቶ ነበር። ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሲሚንቶ ልስን በአንድ ካሬ ሜትር አርባ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ የቀረውን አንባቢ ራሱ ያስበው።

በማግሥቱ ጎረቤታቸው የሆኑ፥ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት የጨረሱ አንድ ሙስሊም አዛውንት መጥተው የወደቀውን ቁራጭ ገለበጡት። ጀርባው እንደ ሳህን ለስላሳ ነው፤ በየስፍራውም የአረንጓዴው ቀለም ቅርፊት ተጣብቆበታል። «እትዬ፥ ይህ እኮ ግድግዳውን አላገኘውም» አሏቸው፤ «የያዘው ቀለሙን ነው፤ ቀለሙ ሲለቅ እርሱም ለቀቀ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልስን ግድግዳን የሚይዘው እንደ ሙጫ በመለጠፍ ብቻ አይደለም። የግድግዳው ፊት በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ እርጥቡ ልስን ሲመታበት ግድግዳው ውኃውን ይመጥጣል፥ ከውኃውም ጋር ደቃቁ ሲሚንቶ ወይም ኖራ ወደ ቀዳዳው ገብቶ በዚያው ይደርቃል፤ ሻካራውን ገጽ ነክሶ የሚይዘውም በዚህ ሥር ነው። የዘይት ቀለም ግን ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። እንግዲህ በላዩ የመጣው ልስን የሚነክሰው ስለሌለው፥ ጥንካሬው ከሥሩ ካለችው ስስ የቀለም ቅርፊት ጥንካሬ ሊያልፍ አይችልም። ኖራና ርካሽ የውኃ ቀለም ደግሞ ሌላ ክፋት አላቸው፤ ውኃ ይመጥጣሉ፥ ነገር ግን እነርሱ ራሳቸው ዱቄት ናቸው፤ በዱቄት ላይ የተለሰነ ሁሉ ከዱቄቱ ጋር ይራገፋል።

ስለዚህ ለሳኝ ከመጥራታችሁ በፊት ግድግዳችሁን ራሳችሁ መርምሩ፤ የሚያስፈልገው ጥቂት ውኃና አንድ ቢላዋ ብቻ ነው። መዳፋችሁን በግድግዳው ላይ አሽታችሁ ተመልከቱ፤ ነጭ ዱቄት ከያዘ ታጥቦ የሚወገድ ነገር አለ ማለት ነው። ከዚያ ውኃ ርጩበት፤ ጠብታው እንደ ቅባት ላይ ተንከባልሎ ከወረደ ቀለሙ የተደፈነ ነው፥ ቶሎ ከጠቆረና ከጠጣው ግን ተስፋ አለው። በቢላዋ ጫፍ መስቀለኛ ጫሩና የቀለሙን ጠርዝ ፈልቅቁ፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ከተነሣ በላዩ ምንም አይሠራም። በመጨረሻም በጣታችሁ አንጓ እያንኳኳችሁ ሂዱ፤ እንደ ባዶ ቅል የሚያስተጋባው ስፍራ አሮጌው ልስን ከግንቡ የተለየበት ነውና እርሱም ይነሣ። ቀለሙ የጸና፥ ግድግዳውም ቀጥ ያለ ሆኖ ያሳፈራችሁ መልኩ ብቻ ከሆነ ግን፥ ገንዘባችሁን አትጣሉ፤ በካርታ ቬትሮ አሻክራችሁ፥ ጭረቱን በስቱኮ ሞልታችሁ እንደ ገና መቀባት ይበቃል። እኔ ካየኋቸው ቤቶች እኩሌታው ልስን የሚያስፈልጋቸው አልነበሩም።

የግድ ይለሰን ከተባለ፥ የብሎኬት ወይም የድንጋይ ግድግዳ ቀለሙ በመፋቂያ ብረት እስኪቻል ድረስ ይፋቅ። አልነሣ ያለውን ሹል መዶሻ ይዞ በየሦስትና በየአምስት ሳንቲ ሜትሩ መጠቅጠቅ ነው፤ ከገጹ ቢያንስ እኩሌታው ራቁቱን ግንብ ማሳየት አለበት። ከዚያ አቧራው በብሩሽና በውኃ ይታጠባል፤ ማታ ግድግዳው ይርሳል፥ ጠዋት እርጥበት እንጂ የቆመ ውኃ አይኑርበት። አንድ እጅ ሲሚንቶ በሁለት እጅ ሻካራ አሸዋ ቀጠን ተደርጎ ይረጭበትና እንደ እከክ ሻክሮ ሲደርቅ፥ በማግሥቱ ዋናው ልስን አንድ እጅ ሲሚንቶ በአምስት እጅ አሸዋ ሆኖ፥ ውፍረቱም በአንድ ጊዜ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ሳያልፍ ይለሰናል። ወፍራም ልስን የሚያስፈልግ ከሆነ በሁለት ጊዜ ይሠራ፥ የመጀመሪያውም ሳይደርቅ ይጫር። አሸዋው ጭቃ እንዳይኖርበት በብርጭቆ ውኃ ውስጥ በጥብጣችሁ አስቀምጡት፤ በላዩ የሚረጋው ደለል ወፍራም ከሆነ አሸዋው ይታጠብ። በቀለም መደብር የሚሸጠው የማያያዣ ፈሳሽ ይረዳል፤ ሆኖም በሚለቅ ቀለም ላይ ቢቀባ ከቀለሙ ጋር አብሮ ይወርዳል።

የጭቃው ቤት ሌላ ሕግ አለው፤ የአክስቴ ለሳኝ ሁለተኛው ስሕተትም በዚህ ላይ ነበር። ጭቃ በክረምት ጥቂት ያብጣል፥ በበጋ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን አይታጠፍለትም። ደካማውን ለባሽ ከብርቱው በላይ ማድረግ እንጂ ብርቱውን ከደካማው በላይ ማድረግ የቤት ጠላት ነው። በዚህ ግድግዳ ላይ መዶሻ አይነሣም፥ ጭቃውን ከማገሩ ያራግፈዋልና። የዘይት ቀለሙ ከላይኛው ስስ ጭቃ ጋር ተፍቆ ይነሣል፤ ግድግዳው ርሶ፥ ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀናት ከከረመ በኋላ ይመረጋል፤ ሲደርቅ በኖራ ይቀባል። ኖራ እንዲተነፍስ ይፈቅድለታል። አንዳንዶች የወንፊት ሽቦ በእንጨቱ ላይ ቸንክረው ሲሚንቶ ይለስኑበታል፤ ይይዛል፥ እኔ ግን አልወደውም፤ እንጨቱ ከሥሩ ቢበሰብስ ወይም ምስጥ ቢገባበት የሚያውቅ ስለሌለ።

ጀሶንም ከሲሚንቶ ጋር አትቀላቅሉት። ሁለቱ በእርጥበት ሲገናኙ ውስጥ ለውስጥ እያበጡ ልስኑን ይሰነጥቁታል። እርጥብ በሆነ ግድግዳ ላይ ጀሶ ብቻውንም ቢሆን አይጸናም፤ ከወለሉ አጠገብ ቀለም የሚላጥበት፥ ነጭ ጨው የሚወጣበት ቤት መጀመሪያ የጣራውን አሸንዳና የውጭውን የጎርፍ መውረጃ ይመልከት። ስንጥቅም ቢሆን የልስኑ ነው ወይስ የግንቡ ተብሎ ይታይ። አገራችን የስምጥ ሸለቆ ዳር ናት፤ በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ያፈረሰው ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ ነበር። የተሰነጠቀ ግንብ ልስን አያድነውም።

መጠቅጠቁ ዱሮም የታወቀ ጥበብ ነው። በጥቁር ባሕር ዳር ባለችው በትራብዞን በ13ኛው መቶ ዓመት የተሠራችው የቅድስት ሶፍያ ቤተ ክርስቲያን፥ ከተማዋ በኦቶማኖች እጅ ከገባች በኋላ መስጊድ ሆና ግድግዳዋ ተለሰነ፤ ለሳኞቹም ልስኑ እንዲይዝላቸው ቅዱሳት ሥዕሎቹን በመዶሻ ጠቀጠቋቸው። ከ1957 እስከ 1962 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር የእንግሊዝ ባለሙያዎች ልስኑን አንሥተው ሥዕሎቹን ሲገልጡ የመዶሻው ጠባሳ እንዳለ ነበር። ይህን ያነሣሁት በሰበካ ጉባኤ የሚያገለግሉ አንባብያን እንዳሉን ስለማውቅ ነው። ከዚህ ላይ በተጻፈው ሁሉ የቤታችሁን ግድግዳ ፋቁበት፤ የቤተ ክርስቲያንን ግን አትንኩበት። በላስታ እንደ ገነተ ማርያም ያለ ሥዕል በቀጥታ በግድግዳው ላይ ያለበት፥ ወይም በጎንደር እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በጨርቅ ተሥሎ የተለጠፈበት ደብር ብዙ ነው፤ ከኋለኛ ዘመን ቀለም ሥርም አሮጌ ሥዕል ሊገኝ ይችላል። የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የጥገና ሥራ ያለ ባለ ሥልጣኑ ፈቃድ እንዳይሠራ ይከለክላል። ልስን ሲፈልቀቅ መልክ ወይም ጽሕፈት ከታየ ሥራው በዚያው ሰዓት ይቁም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፥ ስለ አቧራው አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የዱሮ የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለው መርዝ ሊኖርበት ይችላል። በአገራችን የቀለም እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳያልፍ የተወሰነው በ2018 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በወጣው ደንብ ነው፤ የአክስቴ አረንጓዴ ቀለም ከዚያ በፊት የተቀባ ነው። ይህ አቧራ በሕፃናት አእምሮና በእናት ማኅፀን ባለ ፅንስ ላይ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ቀለም ሲፋቅ ግድግዳው በውኃ እየራሰ ይፋቅ፥ በእሳት አይቃጠል፤ ወለሉ ላስቲክ ይነጠፍበት፥ ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴት እስኪጸዳ ድረስ በሌላ ቤት ይሁኑ፤ ሲያልቅም በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል።

የቀረው የአየር ጉዳይ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ በዚያ ልስን ቀስ ብሎ ይደርቃልና ለሳኝ ስለ ውኃ ብዙ አይጨነቅም። ያንኑ ልማድ ይዞ ወደ ደጋን የወረደ ግን ይሳሳታል። በቆላው ፀሐይ ሲሚንቶው ጠንክሮ ሳይጨርስ ውኃው ይተናል፥ ልስኑም እንደ ደረቀ ኩሬ ይሰነጠቃል። በማለዳ ወይም ወደ ማታ ይሠራ፥ መስኮቱ ይጋረድ፥ ሳምንት ያህልም ጠዋትና ማታ ውኃ ይረጭበት፤ የዘይት ቀለምም ከአራት ሳምንት በፊት አይቀባበት።

አክስቴ በጥር ወር ሥራውን ለአዛውንቱ ጎረቤታቸው ሰጡ። የፊቱ ሁለት ክፍል እንደ ዱሮው በጭድ ጭቃ ተመርጎ በኖራ ተቀብቷል፤ ማኅበርተኞቹ ሲያዩት ምን እንደሚሉ አላውቅም፥ ለእኔ ግን አምሮኛል። የኋላው ክፍል ተጠቅጥቆ እንደ ገና ተለስኗል። ከዚያ ክፍል አንዱ ግድግዳ የዘይት ቀለም ነክቶት ስለማያውቅ የመጀመሪያው ልስን ይዞ ቀርቷል፤ አዛውንቱ አንኳኩተው ካዳመጡት በኋላ «ይህን ተዉት» ብለዋል። አክስቴ ግን እስከ ዛሬ መኝታቸው ከመግባታቸው በፊት ኩራዙን ይዘው ሄደው፥ በጣታቸው አንጓ አንኳኩተው ያዳምጡታል።