በረዶ ብለን አንለፈው

እስቲ አንድ ጥያቄ ላንሳ። «ቱሪስቶቹ ሌሊት በጣለው በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ዋሉ» የሚል ዜና ቦንጋ ላይ በሬዲዮ ቢነበብ አድማጩ ምን ይታየዋል? ለከፋ ገበሬ በረዶ ማለት ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ የእንሰት ቅጠል የሚተለትል፣ የቡና አበባ የሚያረግፍ ጠጠር ነው። እሱ ላይ ወጥቶ የሚዝናና ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል!

በትርጉም ልምምዳችን ግን አብዛኞቻችን እንዲሁ ጽፈን ነው የምናስረክበው። ከሰማይ የሚወርደው ጠጠርም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋው ውኃም፣ የአውሮፓ ተራራ ላይ የሚጥለው ነጭ ብናኝም ሁሉም በረዶ ነው። የስኪ ወዳጆች ደግሞ ከብናኙም ያማርጣሉ። አዲስ የጣለ፣ ያልረጠበና ማንም ያልረገጠው ሲሆን በውስጡ ብዙ አየር ስለሚይዝ እንደ ጤፍ ዱቄት ይቦናል። ገንዘብ ከፍለው አገር የሚያቋርጡት ለዚሁ ነው። ይህን ሳያስረዱ ዜናው ተተርጉሟል ማለት ይከብደኛል።

«ታዲያ ይሄ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚለኝ አይጠፋም። የእኛም ሰው አለበታ! ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ጣሊያን ቱሪን ላይ በተካሄደው የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተሳተፈ የመጀመሪያው ስፖርተኛ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ሲሆን ስኪ የለመደውም እዚያው ነው። በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመልሶ ተወዳደረ። እኔ ያነበብኳቸው ወሬዎች ግን በረዶ ከሌለበት አገር የመጣ ጉድ አድርገውት ያልፋሉ እንጂ ስፖርቱ ምን እንደሆነ አይነግሩንም። የሮቤል ስኪ ከተራራ ቁልቁል መውረድ ብቻ አይደለም። ዳገቱም ሜዳውም በእጅና በእግር ጉልበት እየተገፋ የሚታለፍበት፣ ከረጅም ርቀት ሩጫችን ጋር የሚዘመድ ነው። አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ጎማ ባለው ስኪ መለማመድ የቻለውም ለዚህ ነው። ውድድሩም በማሽን ተጠቅጥቆ በተዘጋጀ መንገድ ላይ እንጂ በሚቦነው ዱቄት ላይ አይደለም። «በረዶ ላይ ተንሸራተተ» ብሎ የጻፈ ጋዜጠኛ ግማሽ ልፋቱን ቀምቶታል።

የኔ ሐሳብ፣ በረዶን ለጠጠሩ እንተውለት ነው። ለነጩ ብናኝ አመዳይ የሚል ቃል አለን፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ይጠቀምበታል። አንድ የጎጃም ልጅ ጓደኛዬ በዚህ አይስማማም። «እኛ ጋ አመዳይ ጠዋት ሣር ላይ የምናገኘው ውርጭ ነው፤ ስኖው በሉትና ተገላገሉ» ይላል። ክርክሩ ውኃ ያነሳል። ስኖውን የከተማ ልጅ ከፊልም ያውቀው ይሆናል። በካፊኖኖ አፏን የፈታች የገጠር እናት ግን አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ባንድ ላይ እንድትፈታ መፍረድ ነው። አመዳይም ቢሆን ለእሷ እንግዳ ሊሆን ይችላል፣ አልክድም። ስለዚህ ከጎኑ «እንደ ዱቄት የሚቦን» እንበልበት፤ ሦስት ቃል ናት። ቦታ የለኝም የሚል አዘጋጅ ካለ «በደማቅ ሁኔታ» የምትለዋን ይሰርዝ።