ሲኒማና ገመና

በከተማ ሰዎች መካከል፥ ይልቁንም በተማሩት ዘንድ፥ በዓለም የፊልም በዓላት ስለሚታዩት የአፍሪካ ሥራዎች አንድ ክስ ዘወትር ይሰማል። ፊልም ሠሪው የአገሩን ድኽነት፥ የመንደሩን ጠብ፥ የአባቶቹን በደል በሥዕል አስቀርጾ በባዕድ አደባባይ ይዘረጋል፤ በዚሁም ሽልማት ይቀበላል፤ ይህም ገመናን ማውጣት እንጂ ጥበብ ሊባል አይገባውም ይላሉ። ክሱን ለማጽናትም የካምን ነገር ያነሣሉ። ካም የአባቱን የኖኅን ዕርቃን አይቶ ለወንድሞቹ ቢያወራ በልጁ በከነዓን ላይ እርግማን አመጣ እንጂ ምርቃት አላገኘም።

ይህ ክስ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ገመናን መክደን ብዙ ቤተ ሰብ ከመፍረስ ያዳነ ልማድ ነው። ዳሩ ግን ከሳሾቹ ካምን ሲያስታውሱ ናታንን ይረሳሉ። ነቢዩ ናታን የንጉሡን የዳዊትን በደል አልከደነም፤ የአንዲት በግ ምሳሌ አድርጎ ነገረው። የነገረውም ለራሱ ለዳዊት ነው፤ ወደ ፍልስጥኤማውያን ሄዶ አላወራም። እንግዲህ ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ገመና ወጣ የሚባለው በደሉ ስለ ተነገረ አይደለም፤ ባለቤቱ ሳይሰማው ጎረቤት ሲሰማው ነው።

ስለዚህ ክሱን ለመመርመር ወደ ካን ወይም ወደ ቬኒስ ከመሄድ ይልቅ ወደ ዋጋዱጉ መሄድ ይሻላል። በዚያች የቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ የአፍሪካ ፊልም በዓል የተጀመረው በ1969 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)፤ ዛሬም ፌስፓኮ ተብሎ በየሁለት ዓመቱ ይደረጋል፤ የበላዩ ሽልማትም በሞሲ ሕዝብ አፈ ታሪክ የታወቀችው የልዕልት የኔንጋ ፈረስ ነው። በዚያን ጊዜ አገሪቱ ላይኛው ቮልታ ትባል ነበር፤ ድኻም ነበረች። ለሲኒማ አዳራሾቿ ፊልም የሚያቀርቡላት የፈረንሳይ ኩባንያዎች ስለ ነበሩ፥ የአፍሪካ ልጅ የሠራው ሥራ በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ መታያ ቦታ አልነበረውም። በ1970 መንግሥቱ አዳራሾቹን ወረሰ፤ ከቲኬት ከሚገባውም ገንዘብ ለአገሩ ፊልም ሥራ መርጃ እንዲከፈል አደረገ። ዳቦ ያጠራት አገር የሲኒማ አዳራሽ መውረሷ ለብዙ ሰው ዕብደት መስሎ ይታየው ይሆናል፤ የቤቱን በር ለባለቤቱ የከፈተው ግን ይህ ሥራ ነው።

የዚያው አገር ልጅ ኢድሪሳ ዌድራኦጎ በ1989 «ያባ» የተባለውን ፊልም አወጣ፤ ያባ በሞሬ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ሳና የምትባለውን አሮጊት መንደርተኛው ጠንቋይ ናት ብሎ አግልሏታል፤ ቢላ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ አያቴ እያለ ይቀርባታል። የቢላ ዘመድ የሆነችው ትንሽ ልጅ በታመመች ጊዜ የመንደሩ ሰው የአሮጊቷን ጎጆ ያቃጥላል፤ ለልጅቱ መድኃኒት ዐዋቂ ፍለጋ ረዥሙን መንገድ በእግሯ የምትሄደው ግን ይህችው ሳና ናት። በኢትዮጵያ ገጠር ያደገና ቡዳ የሚለው ስም በጎረቤት ላይ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ፊልም ለማስተዋል አስተርጓሚ አያሻውም። ጩኸት የለበትም፤ ያለው ደረቅ ሜዳና ዝምታ ነው። የከተማ ጐልማሳ ይህን ዝምታ ዘገምተኛ ብሎ ይነቅፈዋል፤ ቅኔ ሰምቶ ወርቁ እስኪገለጥለት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ግን እንዲህ አይልም።

በማግሥቱ ዓመት የሠራው «ቲላይ» ከዚህ የባሰውን ገልጧል። ልጅ ከመንገድ ሲመለስ እጮኛውን አባቱ አግብቷት ያገኛል፤ የክብር ሕግም ወንድምን በወንድም ላይ ያስነሣል። ይህ ሥራ በ1990 በካን ቢሸለምም፥ በ1991 የየኔንጋን ፈረስ የተቀበለው በሞሲዎች ከተማ፥ የአባቶቹ በደል በተነገረበት በዚያው አገር ነው።

የከሳሾቹን አፍ ከሁሉ ይልቅ የሚይዘው ግን የሴኔጋሉ ጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ በ1992 ያወጣው «ጅቦች» ነው። ታሪኩን ከስዊሱ ደራሲ ከፍሪድሪክ ዱረንማት ቴአትር ወስዶ ኮሎባን በምትባል ከተማ አኑሮታል። ራማቱ በልጅነቷ ድራማን ከሚባል ሰው ፀንሳ ነበር፤ እርሱ ግን ሁለት የሐሰት ምስክሮች በገንዘብ ገዝቶ ካዳት፤ እርሷም ተባርራ ሄደች። በስተርጅና ባለጠጋ ሆና ስትመለስ ለከተማዪቱ እጅግ ብዙ ገንዘብ ልትሰጥ ቃል ትገባለች፤ ዋጋው የድራማን ሞት ነው። ሹማምንቱ በመጀመሪያ በቍጣ እንቢ ይላሉ። ሰውየው ባለሱቅ ነውና የከተማው ሰው ከእርሱ ዘንድ ውድ ውድ ዕቃ በዱቤ ይወስድ ይጀምራል፤ አዲስ ጫማ ይጫማል፤ ነፋስ መስጫውና ማቀዝቀዣው ወደየቤቱ ይገባል። ግደሉት ብሎ ያዘዘ የለም፤ ዕዳው ራሱ ይፈርድበታል። በመጨረሻ ሰዎቹ ከበውት ሲበተኑ በመሬት ላይ የሚቀረው ኮቱ ብቻ ነው። ፊልሙ የሚገልጠው የሹሙን፥ የመምህሩንና የነጋዴውን ገመና ስለ ሆነ ይመስላል፥ ከሳሾቹ ይህን ሥራ ከክሳቸው መዝገብ ውስጥ ሲጠሩት አይሰማም።

የሌላው ሴኔጋላዊ የዑስማን ሴምቤን ነገር ደግሞ ክሱን ገልብጦ ያሳያል። ይህ ሰው በማርሴይ ወደብ የጕልበት ሠራተኛ የነበረ፥ ኋላም በፈረንሳይኛ ልብ ወለድ እየጻፈ ስሙ የተጠራ ነው፤ ነገር ግን የጻፈላቸው ሰዎች መጽሐፉን ማንበብ እንደማይችሉ ተረድቶ ወደ ሲኒማ ዞረ፤ ሲኒማንም የማታ ትምህርት ቤት ይለው ነበር። በ1977 ያወጣው «ቼዶ» ሃይማኖትን በኀይል ስለ መጫንና ስለ ባሪያ ንግድ የሚናገር ሲሆን፥ ኢማሙም ሆነ የፈረንጁ ቄስ በመልካም ወንበር አልተቀመጡበትም። የሴኔጋል መንግሥት ፊልሙን አገደው፤ የሰጠውም ምክንያት ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በአንድ ደ እንጂ በሁለት መጻፍ የለበትም የሚል ነበር። ፕሬዚዳንቱ ሴንጎር ባለቅኔና የቋንቋ ሊቅ ነበርና ሰበቡ እንኳ የሊቅ ሰበብ ሆነ። በሀሌታው ሀ፥ በሐመሩ ሐና በብዙኃኑ ኀ ሲከራከር ያመሸ ሰው ይህን ቢሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የሳቁ መጨረሻ ግን መራራ ነው፤ ሥራው በውጭ አገር ሲታይ የገዛ አገሩ ሰው ለዓመታት ሳያየው ቀረ። ታዲያ ገመናውን ለባዕድ ብቻ የሰጠው ሠሪው ነው ወይስ አጋጁ?

ከሳሾቹ እውነት የሚይዙበት ስፍራም አለ። ብዙው የአፍሪካ ፊልም የሚሠራው በአውሮፓ ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ተቀባይም ማንም ሳያዝዘው የሰጪውን ፊት እያየ መጻፍ ይለምዳል። እንዲህ ያለው ሥራ በምልክቱ ይታወቃል። ገበሬው ቀልድ አያውቅም፤ ሴቲቱ ከማልቀስ በቀር ሥራ የላትም፤ ሽማግሌው መንደርተኛው ሁሉ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ልማድ ለመንደርተኛው ከሥር ከመሠረቱ ያስረዳል። ማንም ጎረቤት ለጎረቤቱ የማይነግረው ነገር በፊልም ውስጥ ሲነገር፥ የሚነገረው በአዳራሹ ለተቀመጠው እንግዳ ነው። ይህን ገመና ሽያጭ ብሎ የሚጠራው ሰው አልተሳሳተም። ጥፋቱ ግን ይህን ከ«ያባ» ጋር በአንድ ከረጢት ጨምሮ መወርወሩ ነው።

ክሱ በአማርኛ የተነገረው ይልቁን በኀይሌ ገሪማ ላይ ነው። ጎንደር ተወልዶ በዋሽንግተን የኖረው ይህ ሰው በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም ባሉት ጊዜ፥ አዳራሽ እየተከራየ ለጥቍሩ ሕዝብ ራሱ አሳይቷል፤ የባዕድ ጭብጨባ ብቻ ለሚሻ ሰው ይህ ድካም ምን ይጠቅመው ነበር? በ2008 የወጣው «ጤዛ» በቬኒስ ሽልማት ተቀበለ፤ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የወርቁን ፈረስ ወሰደ። አንበርብር በጀርመን አገር ተምሮ፥ በደርግ ዘመን ተመልሶ፥ በመጨረሻ አንድ እግሩን አጥቶ በጣና አጠገብ ወዳለው የእናቱ መንደር ይገባል። ታሪኩ በሕልምና በትዝታ እየተቈራረጠ ስለሚሄድ ለእንግዳ የሚያስረዳ ሽማግሌ በውስጡ የለም፤ የማያውቅ ሰው ጠይቆ ይወቅ የሚል ይመስላል።

በዚያ መንደር እናቶች ልጆቻቸውን ወታደር ለጦርነት እንዳይወስድባቸው በዋሻ ይሸሽጋሉ። ለፈረንጅ ባልታየ ይሻል ነበር እየተባለ የሚከሰሰው አንዱ ይህ ነው። ከሳሾቹ መልስ ሊሰጡበት የሚገባ ጥያቄም ከዚህ ይነሣል፤ ያ ዋሻ ገመና ከሆነ የማን ገመና ነው፥ በውስጡ የተሸሸጉት ልጆች ነውን፥ ወይስ በደጁ የሚፈልጋቸው?