የሽማግሌ ቃልና የፍርድ ቤት ማኅተም

በባልና በሚስት መካከል ጠብ በተነሣ ጊዜ ነገሩን አስቀድሞ ለንስሐ አባትና ለሽማግሌ ማሰማት ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ስለሆነ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ ወገኖቼ ይህን ልማድ በስደት አገር ጠብቃችሁ መኖራችሁ ደስ ያሰኘኛል። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፤ ዕርቁ አልሆን ብሎ ሽማግሌዎቹ «እንግዲህ በሰላም ተለያዩ» ባሉ ጊዜ፣ ሰማንያው እንደ ተቀደደ፣ ጋብቻውም በሕግ ፊት እንደ ፈረሰ ቆጥሮ በየፊናው የሚሄደው መብዛቱ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበርና፣ በዚያ ዘመን ያደጉ ወላጆቻችን እንዲህ ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ አድርጎ፣ ለሽማግሌዎች የተወላቸው የማስታረቁን ተግባር ነው፤ ጋብቻው በክብር መዝገብ ሹም ፊት ቢፈጸም፣ በተክሊልና በቅዱስ ቁርባን ቢጸና ወይም በባህል ቢደረግ፣ በዚህ ረገድ ልዩነት የለውም። በአሜሪካም ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ የሚጸና ፍቺ የለም።

እንግዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በሽማግሌ ቃል ብቻ የተለያየ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ ቢያገባ፣ የፊተኛው ጋብቻ ጸንቶ ሳለ ነውና የኋለኛው ሊፈርስበት፣ እርሱም በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። ይልቁንም የምታሳዝነው ይህን ሳታውቅ የተዳረችው ልጅ ናት፤ ቪዛ ስትጠብቅ ከርማ፣ የባልዋ የፍቺ ውሳኔ ሲጠየቅ ያን ጊዜ ነገሩን ትሰማለች።

ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ዝሙትንና ጭካኔን የመሰሉትን ከፍቺ ምክንያትነት አውጥታ፣ ስድስት ወር ተለያይቶ መኖርን፣ የማይታረቅ ልዩነትንና የሁለቱን ስምምነት ብቻ አስቀርታለች፤ ስድስቱ ወርም በአንድ ጣራ ሥር ሆነው ኑሮአቸውን ለይተው ቢያሳልፉት ይቆጠራል። በስምምነት ለመፋታት ግን ስለ ንብረት፣ ስለ ቀለብና ስለ ልጆች አያያዝ የተፈረመ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ሽማግሌዎቻችን እስከ እኩለ ሌሊት የሚደክሙበት ነገር ይኸው አይደለምን? ያ ሁሉ ቃል ወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ ጠበቃ አይቶት፣ ሁለቱ ፈርመውበት ለዳኛ ቢቀርብ፣ ድካማቸው በሕግ ፊት ፍሬ ባፈራ ነበር። በቨርጂኒያ ያለ ጥፋት ክስ ለመፋታት አንድ ዓመት ተለያይቶ መኖር ያሻል፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለሌላቸውና በጽሑፍ ለተስማሙ ግን ስድስት ወር ይበቃል።

ዱላ ባለበት ቤት ግን ሽማግሌ አይቅደም፤ ፖሊስ ይጠራ። የሁለት ዓመት ጊዜያዊ ግሪን ካርድ የያዘች ሚስት ባልዋ ቢደበድባት፣ ያለ እርሱ ፊርማ ብቻዋን ማመልከት እንደምትችል ሴቶች እኅቶቻችን ይወቁት።

በአገር ቤት የተሠራው ቤትም ብርቱ ነገር ነው። በጋብቻ ዘመን የተፈራ ንብረት፣ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ይላል የቤተሰብ ሕጉ፤ በወንድም ስም የተገዛውን ግን የጋራ ነው ብሎ ማስረዳት እጅግ ይከብዳል። የአሜሪካ ዳኛ ስለዚህ ቤት ቢፈርድም፣ የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ካልፈቀደ በቀር ፍርዱ ቦሌ ላይ አይፈጸምም። ስለዚህ በትዳር ዘመን የቤት መሸጫ ውክልና የሰጠ ሰው፣ ፍርዱን ሳይጠብቅ በጽሑፍ ይሻረው፤ መሻሪያውም በኤምባሲ ተረጋግጦ አዲስ አበባ ውልና ማስረጃ እስኪደርስ ድረስ፣ አሮጌውን ወረቀት የያዘ ሰው ቤቱን ሊሸጥበት ይችላል።